ቡችላዬ ካክተስ አኘከች፤ ያሰጋል?

የቡችላ እናት (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የአምስት ወር ቡችላ አለችኝ። ዛሬ ጠዋት መስኮት ሥር ያስቀመጥኩትን ካክተስ ስታኝክ ደረስኩባት። ሁለት ሦስት ቁራጭ ሳትውጥ አልቀረችም። እሾህ የለውም፤ ጠፍጣፋ፣ እርስ በርሱ እየተቀጣጠለ የሚወርድ ነው፤ ጫፍ ጫፉ ላይ ሮዝ አበባ ያወጣል። እስካሁን ትጫወታለች፣ ውሃም ጠጥታለች። ግን አንድ ሰው «ቁልቋል ሁሉ መርዝ ነው» ብሎኝ ልቤ አላርፍ አለ። እውነት ነው?

አረንጓዴ እጅ፦
አይዞሽ እህቴ። የነገርሽን የገና ካክተስ ነው። ለውሻም ለድመትም መርዝ አይደለም። የትውልድ አገሩ የደቡብ ምሥራቅ ብራዚል ደን ነው፤ እዚያ ዛፍ ላይ ተጣብቆ ይበቅላል። ብዙ ከበላች ግን ሆዷን ሊያውካት፣ ሊያስታውካት ወይም ሊያስቀምጣት ይችላል።

ሥር ቅጠሉ፦
«ቁልቋል ሁሉ መርዝ ነው» የሚባለው ከስም መምታታት የመጣ ይመስለኛል። ዛፉ ቁልቋል፣ ቅንጭብም ጭምር፣ መልካቸው ቢያሳስትም ካክተስ አይደሉም፤ ዘራቸው ሌላ ነው። ሲቆረጡ የሚወጣቸው ነጭ ወተት አፍና ሆድ ይለበልባል፤ ዓይን ከገባ ደግሞ ብርሃን እስከ ማሳጣት ሊያደርስ ይችላል። ቅንጭብን «ካክተስ» ብለው ቤት ውስጥ የሚያሳድጉ ብዙ ናቸው፤ ለውሻ የምፈራው እሱን ነው። ጓንት አድርገሽ ጫፉን ቁረጪና እዪው። ወተት ከወጣው ከውሻሽ አርቂው። እሾህ ካለው ደግሞ የሚበቅልበትን ቦታ እዪ፦ ካክተስ እሾሁ የሚወጣው እንደ ጥጥ ከምትመስል ትንሽ ነጥብ ላይ ነው።

የእንስሳት ሐኪም፦
እኔን ከተክሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ አፈሩ ነው። ማዳበሪያ ጨምረሽበታል? የተባይ መድኃኒትስ ረጭተሽበታል? ጨምረሽ ወይም ረጭተሽ ከሆነ የማዳበሪያውን ወይም የመድኃኒቱን ዕቃ ይዘሽ ዛሬውኑ ክሊኒክ ውሰጃት። ካልሆነ አፏን ከፍተሽ የቀረ ቁራጭ ካለ አውጪላት፤ ውሃ አቅርቢላት። በጨው ውሃም ሆነ በሌላ ነገር እንድታስታውክ አታድርጊ፣ በጣም አደገኛ ነው። አንድ ቀን ሙሉ ተከታተያት። ደጋግማ ካስታወከች፣ ደም ካየሽ፣ ምግብ እምቢ ካለች ወይም ከፈዘዘች ሌሊትም ቢሆን አትጠብቂ። ከተክሉ ቅንጣቢ ይዘሽ ሂጂ።

የጥቁሩ ባለቤት፦
መርዝ የለውም ማለት አይጎዳም ማለት አይደለም። የኔ ውሻ የጥንቸል ጆሮ የሚመስለውን የበለስ ዘመድ ነክሶ ነበር። ለዓይን ለስላሳ ጸጉር ይመስላል፤ ግን ጫፉ ወደ ኋላ የታጠፈ ጥቃቅን እሾህ ነው። ከንፈሩ አብጦ፣ ለሃጩ እየተንጠባጠበ አደረ። የሚታየውን በወረንጦ ነቀልኩለት፣ ምላሱ ላይ ያለውን ግን ሐኪም አደንዝዞ ነው ያወጣለት። እሬትም ካለሽ ከፍ አድርጊው፤ ውሻ ሲበላው ያስታውከዋል፣ ያስቀምጠዋል።

የቡችላ እናት፦
ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማዳበሪያም መድኃኒትም አላደረግሁበትም። ከሰዓት አንዴ አስታውካ አረንጓዴው ቁራጭ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ደህና ናት፣ እራቷንም በልታለች። ሌሊቱን አጠገቧ አድራለሁ። ሥር ቅጠሉ እንዳልከው ከጎኑ የነበረውን ቀጭን ረጅሙን «ካክተስ» በጓንት ቆርጬ አየሁት፤ ነጭ ወተት ወረደው። ልጅም ውሻም የሌላት ጎረቤቴ፣ ጠባዩን ነግሬያት፣ ወስዳዋለች።