«ሴቨሪ» ማለት ጨው የበዛበት ነው እንዴ? ቻይናዊ ጓደኛዬን ማስረዳት አቃተኝ

ቼንግዱ_ነኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ቼንግዱ ማስተርሴን እየተማርኩ ነው፣ ሁለተኛ ዓመቴ። ዶርም አብሮኝ የሚኖር ቻይናዊ ልጅ አለ። እኔ እንግሊዝኛ አለማምደዋለሁ፣ እሱ ማንዳሪን ያለማምደኛል፣ ሂሳብ የለንም። አይልትስ ሊፈተን ስለሆነ ሰሞኑን የምግብ ቃላት እየሸመደደ ነው። ሳወር ጎምዛዛ፣ ቢተር መራራ፣ እነዚህ ምንም አላስቸገሩንም። «ሴቨሪ» ላይ ስንደርስ ግን ተገተርን።

መዝገበ ቃላቱ «ሺየን» ብሎ ፈትቶታል፣ ጨዋማ ማለት ነው። ልጁ እሱን አምኖ ባለፈው እንግሊዛዊት መምህሩ ቤት ምሳ ተጋብዞ ሄደ። ሾርባው ጨው በዝቶበታል። በትህትና ሊጠቁማት ብሎ «ሾርባው በጣም ሴቨሪ ነው» አላት። ሴትየዋ ደስ ብሏት ሳህኑን ተቀብላ ጨመረችለት። እምቢ ማለት አፍሮ ሁለተኛውንም ጨረሰው፣ ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ሲጠጣ አደረ።

ከዚያ እኔን አፋጠጠኝ። «ጣፋጭ ማለት ነው» ብዬ በአማርኛ አሰብኩና ከአፌ የወጣው «ስዊት» ሆነ። ሴቨሪ ደግሞ የስዊት ተቃራኒ ነው ተብሎ ተጽፏል! አሁን ሁለታችንም ግራ ገብቶናል። የምታውቁ እስቲ አንድ በሉን።

ሃንግዡ_ቡና

ሃሃሃ፣ ምስኪን ልጅ። መዝገበ ቃላቱ አልዋሸም፣ ግን ግማሹን ነው የነገራችሁ።

የቻይንኛው ሺየን ሁለት ሥራ አለው። አንዱ እኛ «ወጡ ጨው በዛበት» የምንለው ነው፣ እሱ በእንግሊዝኛ ሶልቲ ነው። ሁለተኛው ምግብን ለሁለት ወገን የሚከፍልበት ነው፣ የስኳር ወገንና የጨው ወገን። ሺየን ከሴቨሪ ጋር የሚገጥመው እዚህ ላይ ነው። ለልጁ ከራሱ ምግብ አምጣለት። በድራጎን ጀልባ በዓል በቅጠል ተጠቅልሎ የሚቀቀለው ዞንግዚ አለ አይደል? ሰሜኖቹ ብዙ ጊዜ ቴምር የሚመስል ፍሬ ይከቱበትና ጣፋጭ ይሆናል፤ እዚህ እኛ አጠገብ ያለችው ጂያሺንግ ደግሞ የአሳማ ሥጋ በሚገባበት ነው የታወቀችው። የሥጋው «ሺየን ዞንግዚ» ይባላል፣ በእንግሊዝኛ ሴቨሪ ዞንግዚ። ጨው በዛበት ያለ ሰው የለም። ለስላሳው ቶፉም እንደዚያው ነው። ደቡብ በስኳር ውሃ፣ ሰሜን በአኩሪ አተር መረቅ፣ ኢንተርኔት ላይ ሲጨቃጨቁበት የእኛን «ቡና በጨው ወይስ በስኳር» ያስንቃል።

ስለዚህ ቅሬታ ከሆነ ሶልቲ ይበል። «ቱ ሶልቲ» ካለ ማንም አይጨምርለትም። «ቬሪ ሴቨሪ» ግን ሙገሳ ነው የሚመስለው።

አሁን ደግሞ የሚያደናግረው ነገር። ሌላ ሺየን አለ! የጓደኛህ ሺየን ድምፁ ከታች ወደ ላይ የሚወጣው ነው፣ «እህ?» ብለን ስንጠይቅ እንደምናወጣው። ይሄኛው ከፍ ብሎ ጀምሮ እዚያው ከፍታ ላይ የሚቀር ነው። የዶሮ መረቅ፣ የእንጉዳይ፣ ትኩስ የዓሣ ሾርባ ስትቀምስ ምላስህ ላይ የሚቀረው ጣዕም ማለት ነው። ጽሕፈቱ ራሱ ዓሣና በግ ጎን ለጎን ነው። እንግሊዝኛ ደግሞ ይሄንንም ሴቨሪ ይለዋል። ለቻይናዊ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው፣ ለእንግሊዝ አንድ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_እናት

የአንተ ችግር ቻይንኛው አይደለም የኔ ወንድም፣ አማርኛችን ነው። እኛ ስኳር ያለበትንም ጣፋጭ፣ ዶሮ ወጡንም «ይጣፍጣል» እንላለን። «ጣፋጭ ያልሆነ ምግብ ስጪኝ» ብትለኝ የማይጥም ነገር የምትፈልግ ነው የሚመስለኝ።

እኔ የክሬፕ ቤት ኩሽና ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ደንበኛ ሲገባ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስዊት ኦር ሴቨሪ» ነው። ስዊት ካለ ሙዝና ቸኮሌት፣ ሴቨሪ ካለ እንቁላል፣ አይብ፣ ስፒናች። ጨው ይብዛ ይነስ ማንም አይጠይቅም። አንዳንዱ ደንበኛ «ሴቨሪ፣ ግን ጨው አታድርጊበት» ይላል፣ ደም ግፊት ያለበት ይመስለኛል፣ እና ትእዛዙ ምንም ስህተት የለበትም። ለልጁ ይቺን ንገረው። ሴቨሪ ማለት ጨዋማ ቢሆን ኖሮ ይህ ሰውዬ አብዷል ማለት ነው።

ሳምቡሳ ሴቨሪ ነው፣ ቦምቦሊኖ ስዊት። ገንፎ በበርበሬና በቅቤ ሴቨሪ ነው። ፈረንጆቹ ገንፎ ሲባሉ ወተትና ማር ነው የሚመጣባቸው፣ የኛን ስነግራቸው «ኦ፣ ሴቨሪ ፖሪጅ!» ይላሉ። ቻይኖቹ የሩዝ ገንፎ በሥጋ ስለሚበሉ ቶሎ ይገባቸዋል።

ተርጓሚው

እንጀራዬ ትርጉም ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም። ከላይ ያሉት ስለ ምግቡ ጨርሰውታል፣ ግን የአይልትስ ንባብ ላይ ልጁን የሚጥለው ምግብ ያልሆነው ሴቨሪ ነው።

«አንሴቨሪ» የሚል ይገጥመዋል፣ «አንሴቨሪ ካራክተር»። በሺየን ከፈታው «ጨው የሌለው ጸባይ» ሊሆንበት ነው። ካራክተር እዚህ ሰውየው ራሱ ነው፣ አንሴቨሪ ደግሞ ሥራው የሚሸት፣ ማጭበርበር ወይ ወንጀል የማያጣው ዓይነት። እኛ «ሰውየው አልጣመኝም» የምንለው ይቀርበዋል። የኛ ግን ለስለስ ይላል፣ ሰው ዝም ብሎም ላይጥመን ይችላል። በተቃራኒው ጥሩ ሰውን «ሴቨሪ ሰው» አይሉም። በዚህ ትርጉሙ ቃሉ የሚመጣው ከአሉታ ጋር ነው ማለት ይቻላል፣ «ኖት ቬሪ ሴቨሪ» ዓይነት።

«ሴቨር» የሚለው ግሥ ደግሞ ለኛ ቀላል ነው። አጣጣመ ማለት ነው፣ ሌላ ፍለጋ አትድከሙ። ቻይንኛውም «ፒን» አለው፣ ጽሕፈቱ ሦስት አፍ ነው፣ ሻይ ቀስ እያሉ ሲጠጡ የሚሉት።

ሥሩን ብትነግረው ደግሞ አይረሳውም። በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ የላቲን ቃል ነው፣ ሳፖር፣ ጣዕም። ግሡ መቅመስም ነው፣ ማስተዋልም ነው፣ ሆሞ ሳፒየንስ ላይ ያለው ሳፒየንስ ከዚያው ነው የመጣው። «ፊደል የቀመሰ» የምንለው እኛ ብቻ አይደለንም ማለት ነው።

ሌላ ወጥመድ፦ የምግብ አሠራር ላይ «አንድ የሻይ ማንኪያ ሴቨሪ» ካየ ጨው እንዳይጨምር። ጦስኝ የሚመስል ቅጠል ነው፣ በስም ብቻ ነው የተገጣጠሙት። የጣዕሙን ሴቨሪ አጻጻፍ በተመለከተ እንግሊዞቹ «ዩ» ይጨምሩበታል፣ አሜሪካኖቹ የላቸውም። አንዱን ይዞ እስከ መጨረሻው መሄድ ነው።

ኬሚስት_ነበርኩ

ሃንግዡ ስለ ሁለተኛው ሺየን ያለው ልክ ነው፣ ትንሽ ልጨምርበት። እሱ ጣዕም ዛሬ በዓለም የሚታወቀው በጃፓንኛ ስሙ ነው፣ ኡማሚ። ኪኩናኤ ኢኬዳ የሚባል የቶኪዮ ኬሚስት በ1908 እ.ኤ.አ. ኮምቡ ከሚባለው የባሕር አረም ሾርባ ግሉታሜት አውጥቶ ነው ስሙን የሰጠው። የቻይና ኩሽና ውስጥ ያለው ነጭ ቅመም፣ ዌይጂንግ፣ እሱው ነው።

እና ክርክሩን የሚዘጋ ነገር፦ እንግሊዝኛ መጻሕፍት አምስቱን ጣዕሞች ሲዘረዝሩ ስዊት፣ ሳወር፣ ሶልቲ፣ ቢተር ብለው አምስተኛውን አንዳንዶቹ ኡማሚ፣ አንዳንዶቹ ሴቨሪ ይሉታል። ሶልቲና ሴቨሪ እዚያው ዝርዝር ላይ ለየብቻ ተቀምጠዋል። አንድ ቢሆኑ አራት ነበሩ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_እናት

እሱስ ልክ ነው፣ ግን ኩሽና ውስጥ «ኡማሚ አለው?» ብሎ የሚጠይቅ ደንበኛ በስድስት ዓመት አንድ አላየሁም። ልጁ ስዊት ኦር ሴቨሪን ይያዝ፣ ሌላው ቀስ ብሎ ይመጣል።

ቼንግዱ_ነኝ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ደም ግፊት ያለበት ደንበኛ ምሳሌ ነው ያስገባለት፣ እስኪደክመው ሳቀ። ሁለቱን ሺየን በእንግሊዝኛ አንድ ማድረጋቸው ግን አናዶታል፣ «ስንፍና ነው» አለኝ።

ማታ ከቤት የተላከልኝን ሽሮ ሠራሁ። አንድ ጉርሻ ቀምሶ «ሺየን» አለ። ድምፁን ወደ ላይ ይሁን እዚያው ከፍ አድርጎ ይሁን አልያዝኩትም፣ አሁን ግን ነቅቻለሁ፣ ጭልፋውን እንደያዝኩ «የቱ ሺየን?» አልኩት። ዝም ብሎ አላመጠ፣ አሰበ፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ «ሴቨሪ። ኤንድ ኤ ሊትል ሶልቲ» አለ።

ጨመርኩለት፣ ውሃም አቀረብኩለት።