ሳሎን፣ መኝታ ቤት፣ ባኞ ቤት፦ ለየትኛው ክፍል ምን ዓይነት ወለል?

ቤት ጨራሿ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ቤታችን አልቆ የቀረን ወለሉ ብቻ ነው። አምስት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሊሾ ከተሠራ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ባለቤቴ ከሳሎን እስከ ባኞ ቤት ሁሉንም በአንድ የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ እንጨርሰው ይላል። እኔ መኝታ ቤቶቹን ላሚኔት (እንጨት የሚመስለውን ንጣፍ) ባደርጋቸው ደስ ይለኛል። አብረውን የሚኖሩት እናቴ እግራቸውን ያማቸዋል፤ ትንንሽ ልጆችም አሉ። ምን ትመክሩናላችሁ?

ሴራሚክ አንጣፊው
እህቴ፣ የሚያብረቀርቀውን ባኞ ቤት እንዳታስገቢው! ደረቅ ሲሆን ያምራል፤ ሳሙና ያለበት ውሃ ሲፈስበት ግን ለጤነኛም ያስፈራል። ካርቶኑ ላይ «አር» ከሚል ፊደል ጋር ቁጥር ካለ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን አያንሸራትትም፤ አር 9 ለደረቅ ክፍል ነው፣ ለባኞ ቤት አር 10 ወይም አር 11 ፈልጊ። ቁጥሩ ከሌለ ናሙናውን አርጥበሽ በባዶ እግርሽ ሞክሪው። ሻወሩ ሥር ትንንሹን ሴራሚክ ምረጪ፤ በመሃል ያለው ቦያካ (የመጋጠሚያው መሙያ) ስለሚበዛ እግር ይይዛል፣ ወለሉንም ወደ ፍሳሹ ቀዳዳ ለማዘንበል ይመቻል። በአንድ ሜትር ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ይህን አንጣፊው ሥራ ሳይጀምር ንገሪው፤ ከተነጠፈ በኋላ ማፍረስ ብቻ ነው መፍትሔው።

በረንዳም ካለሽ ፖርሴሊን የሚባለው ጥቅጥቅ ያለ ሴራሚክ ይሁን። ውሃ የሚመጠው ከ0.5 በመቶ አይበልጥም።

አናጢው
ላሚኔት ለመኝታ ቤት ጥሩ ነው፣ ግን አሁን አይደለም። የቆየው የባለሙያ ልማድ ለአንድ ሚሊ ሜትር የሊሾ ውፍረት አንድ የማድረቂያ ቀን ይቆጥራል፤ ያንቺ 50 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ገና ግማሽ መንገድ እንኳ አልደረስሽም። አየሩ እርጥብ ከሆነ ከዚያም ይረዝማል። የላሚኔት ሆዱ የተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ስለሆነ እርጥበት ከጠጣ ጠርዙ ያብጣል፣ ቢደርቅም አይመለስም። ከግድግዳው ስምንት እስከ አሥር ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተውለት፤ ዞኮሎው (ግድግዳው ሥር ዙሪያውን የሚለጠፈው) ይሸፍነዋል። ይህን ክፍተት የሚዘነጋ ሠራተኛ ብዙ ነው፤ ወለሉ በአየሩ እርጥበት ሲሰፋ መሃሉ ላይ ይነሣል።

ልጆቹ ውሃ የሚደፉ ከሆነ እኔ የምመርጠው ኤስፒሲ የሚባለውን ጠንካራ ቪኒል ነው። ከድንጋይ ዱቄትና ከፕላስቲክ ስለሚሠራ ውሃ አያሳብጠውም። ሥሩ የታፈነ እርጥበት ግን ሻጋታ ያመጣል፤ ስለዚህ ሊሾው ሳይደርቅ እሱንም አታንጥፉ።

የሦስት ልጆች እናት
ባለቤትሽም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ሳሎንና ኩሽና በር ከሌላቸው አንድ ዓይነት ማት (የማያብረቀርቅ) ሴራሚክ ለማጽዳት ይገላግላል፣ ክፍሉም ሰፋ ያለ ይመስላል። ለእናትሽ ትልቁ ነገር በክፍልና በክፍል መካከል እግር የሚያደናቅፍ ከፍታ እንዳይኖር ነው። የሁለቱ ወለሎች ውፍረት ካሁኑ ይለካ። ቪኒል ካደረጋችሁ ደግሞ ጀርባው ጎማ የሆነ ምንጣፍ አታድርጉበት፤ ቢጫ ምልክት ይተዋል፣ በመወልወልም አይለቅም።

ቤት ጨራሿ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለቤቴ አንብቦ ባኞ ቤቱ ላይ ተሸንፏል፤ ሳሎኑ ላይ ግን ገና እየተከራከርን ነው 😄። ሊሾው መድረቁን በምን አውቃለሁ?

አናጢው
ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሚሆን ወፍራም ላስቲክ መሬቱ ላይ ዘርግተሽ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽጊው። በማግስቱ ስትገልጪው ጤዛ ካለበት ወይም ሊሾው ከዙሪያው ከጠቆረ አልደረቀም። ጥግ ላይም መሃል ላይም ሞክሪ። ምንም ባይታይም እንጨት ነክ ነገር ከማንጠፍሽ በፊት በመሣሪያ ማስለካት ይሻላል።

ሴራሚክ አንጣፊው
ስትገዙ አሥር በመቶ ያህል ጨምሩ፤ የሁሉም ካርቶን የምርት ቁጥር አንድ መሆኑንም እዚያው ቆማችሁ አረጋግጡ። ቁጥሩ ከተለያየ ያው ስም ያለው ሴራሚክ ቀለሙ ሊለያይ ይችላል።