ከኮምቦልቻ ላሊበላ በአውሮፕላን ስንት ደቂቃ ነው?

ጥያቄ (ከደሴ፣ ፒያሳ)
እናቴን ለገና ላሊበላ ልወስዳት አስቤያለሁ። ጉልበቷን ያማታል፣ መኪና አይሆናትም። አንድ ድረ ገጽ ከኮምቦልቻ ላሊበላ 127 ኪሎ ሜትር፣ 40 ደቂቃ ይላል። ቲኬት ስፈልግ ግን በአዲስ አበባ በኩል 5 ሰዓት ተኩል አለኝ። የቱን ልመን?

መልስ (ከኮምቦልቻ)
እህቴ፣ ሁለቱም አልዋሹሽም። 127 ኪሎ ሜትሩ ካርታ ላይ በማስመሪያ የተሰመረ ነው። 40 ደቂቃው ደግሞ እንደ ትልቅ ጄት በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር አስበው፣ ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት ጨምረው ያመጡት ስሌት ነው። ለእኛ ከተሞች የሚሆነው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 በሰዓት 650 ገደማ ነው የሚበረው። ቀጥታ ቢሄድ እንኳ ከፍ ሳይል መውረድ ይጀምር ነበር፤ 25፣ 30 ደቂቃ በለው።

የአንቺ ቲኬት ግን መጀመሪያ ወደ ደቡብ ይወስድሻል። ኮምቦልቻ–ቦሌ ወደ 250፣ ቦሌ–ላሊበላ ወደ 330 ኪሎ ሜትር ነው። 127ቱ 580 ሆነ ማለት ነው! የበረራው ጊዜ ያን ያህል አይደለም፤ ሰዓቱን የሚበላው ቦሌ ቁጭ ብሎ መጠበቁ ነው። በቦሌ የሚያስጠብቅሽ ሰዓት አጭር የሆነውን ቀን ፈልጊ።

መልስ (ከሰኞ ገበያ)
የምድሩንም ደምሪ እንጂ። ከደሴ ሐረጎን ወርደሽ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር። ላሊበላም አየር ማረፊያው ከከተማው ያን ያህል ይርቃል።

መልስ (ሹፌር ነኝ)
በመኪና ወደ 300 ነው። ወልድያ 120፣ ከዚያ ድልብን ወጥተሽ ጋሸና፣ ከጋሸና በስተቀኝ 64 ኪሎ ሜትር። ለጤነኛ ሰው የቀን ጉዞ ነው። ለታመመ ጉልበት ግን አልመክርም፤ የጋሸና ብርድ ብቻውን ይበቃል። የምትሄዱ ከሆነ የዕለቱን የመንገድ ሁኔታ መናኸሪያ ጠይቂ፣ ጋቢ አትርሺ።

መልስ (ከቧንቧ ውሃ)
የሰዓቱን ነገር ከእኔ ተማሪ። ቲኬቴ 10:40 ይላል። እኔ በሀበሻ አቆጣጠር ቆጥሬ 9 ሰዓት ላይ ኮምቦልቻ ደረስኩ። ግቢው ጭር ብሏል። ጥበቃው ሻንጣዬን አይቶ «ወንድሜ፣ ጠዋት 4:40 ሄደ እኮ» አለኝ። ትኬት ላይ የሚጻፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ 6 እየቀነሽ አንብቢው። ደግሞ ስትፈልጊ «ደሴ»ም «ኮምቦልቻ»ም ብትዪ ያው ነው። ደሴ የራሷ አየር ማረፊያ የላትም፤ የኮምቦልቻው ኮድ ራሱ ዲ ኤስ ኢ ነው፣ ከደሴ ስም የተወሰደ።

ጠያቂዋ
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ለእማዬ ብነግራት «ላሊበላ ለመሄድ ሸገር?» ብላ ሳቀች። በአውሮፕላን ይሁን ብለናል። ደረጃውን እንዴት ትወጣለች?

መልስ (ከኮምቦልቻ)
ትኬት ስትቆርጪ ዊልቸር እንደምትፈልግ አስመዝግቢ። ዕለቱን በር ላይ መጠየቅ አያዋጣም። ቦሌም ስትቀይሩ ያስፈልጋታል፣ እዚያ ነው የሚያስኬደው።