የድንጋይ ከሰል ማዕድኑ ጅረታችንን አበላሸው፣ ሕዝቡን እንዴት እናደራጅ?

የዳውሮው (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ደቡብ ምዕራብ፣ ዳውሮ ዞን፣ ገጠር ቀበሌ ነው። ከኛ በላይ ካለው ተራራ የድንጋይ ከሰል ይወጣል። የድርጅቱን ስም አልጠራም። ሲኖትራኮቹ ቀን ከሌት በመንደሩ መሐል ያልፋሉ፣ አቧራው የእንሰቱን ቅጠል ሳይቀር አጥቁሮታል። ካለፈው ክረምት ወዲህ ደግሞ ከብቱ የሚጠጣው፣ እናቶቻችን የሚቀዱት ጅረት ላይ ድንጋዩ ሁሉ ብርቱካንማ ዝገት ይዟል። ለቀበሌ ነገርን፣ "ለወረዳ እናሳውቃለን" ተባልን፣ በዚያው ቀረ። ወጣቱ መንገድ እንዝጋ ይላል። ሽማግሌዎቹ ይፈራሉ። ግማሹ ጎረቤቴ እዚያው በቀን ሥራ ስለሚያድር "እንጀራችንን ልታዘጉ ነው" ብሎ ስብሰባም አይመጣም። ከየት ነው የሚጀመረው?

አዋጅ አንባቢ
መንገድ መዝጋቱን ተዉት። በመጀመሪያው ቀን ልጆቹ ይታሰራሉ፣ ከዚያ በኋላ ወሬው ሁሉ ስለ እስረኞቹ ይሆንና ጅረቱ ይረሳል።

ሕጉ ከምታስቡት በላይ ያግዛችኋል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ መብታችሁ ነው ይላል። ዋናው መሣሪያችሁ ግን የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ነው። በሱ መሠረት ማንም ሰው፣ "እኔን በግል ነክቶኛል" ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጡ ወይም ውሳኔው ካልተስማማችሁ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላላችሁ። እንግዲህ ለቀበሌ በቃል የነገራችሁት የትም አይቆጠርም። በጽሑፍ አድርጉት፣ መዝገብ ቤት አስገቡ፣ በእጃችሁ በሚቀረው ቅጂ ላይ የገቢ ማህተምና ቀን አስመቱ። "ነገ ኑ" ካሏችሁ እዚያው ቁጭ በሉ። ግልባጭ ለዞኑ፣ ለክልሉ ማዕድን ቢሮ፣ ለሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን፣ ለእንባ ጠባቂ።

በዚያው ደብዳቤ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሰነዱን (ሥራው በአካባቢው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አስቀድሞ የተጠናበትን) ጠይቁ። አዋጅ 299/1995 ለሕዝብ ክፍት መሆን አለበት ይላል። "ኅብረተሰቡን አወያይተናል" ተብሎ የማን ፊርማ እንደተያያዘ ስታዩ፣ ሌላ ቅስቀሳ ሳያስፈልግ ስብሰባው ይሞላል።

የላቦራቶሪው ሰው
ስለ ብርቱካንማው። ከከሰሉ ጋር ብዙ ጊዜ ፒራይት የሚባል የብረትና የድኝ ማዕድን አለ። ተቆፍሮ አየርና ውሃ ሲያገኘው አሲድ ይፈጠራል፣ አሲዱ ብረቱን አሟሙቶ ይወስደዋል፣ ጅረት ሲገባ ዝገት ሆኖ ይቀመጣል። ግን ተጠንቀቁ፣ በተፈጥሮው ብረት የበዛበት ምንጭም እንዲሁ ይመስላል። ድርጅቱም የሚላችሁ ይህንኑ ነው። መልሱ ከማዕድኑ በላይና ከማዕድኑ በታች፣ በአንድ ቀን ናሙና መውሰድ ነው። ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ)፣ ሰልፌት፣ ብረት፣ ማንጋኒዝ አስመርምሩ። የመጠጥ ውሃ ፒኤች ከ6.5 እስከ 8.5 ነው መሆን ያለበት። ጠርሙሱን አስቀድማችሁ ከላቦራቶሪው ውሰዱ፣ ለብረት የሚወሰደው ናሙና ላይ አሲድ ስለሚጨመር በሃይላንድ ፕላስቲክ ቀድቶ መምጣት አይሆንም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ይቀርባችኋል። ስትቀዱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትገኝና ትፈርም።

እስከዚያ ሌላ ምንጭ ካለ ከሱ ቅዱ። ማፍላት ብረቱንም አሲዱንም አያወጣም።

እዚያው የሠራሁ
እኔ ከሰል ሠርቻለሁ፣ ሌላ ቦታ ነው። ለሠራተኛው መጀመሪያ ስለ ጅረቱ አታውሩለት። ስለ አፍ መሸፈኛው አውሩለት፣ ስለ ትርፍ ሰዓቱ፣ እግሩ ተሰብሮ ያለ አንዲት ወረቀት ወደ ቤቱ ስለተላከው ልጅ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (1156/2011) የደኅንነት ዕቃ የሚገዛው አሠሪው ነው፣ 10 ሠራተኛ ካለ ደግሞ ማኅበር መመሥረት ይቻላል። ይቻላል ስል በወረቀት ነው፣ ለቀን ሠራተኛ ከባድ ነው፣ ደላላው በማግስቱ ሌላ ሰው ያመጣል። ለዚህ ነው የሠራተኛው ጥያቄና የጅረቱ ጥያቄ በአንድ ደብዳቤ መግባት ያለበት። ያኔ "ሥራ ሊያዘጉ ነው" የሚለው ወሬ ጉልበት ያጣል።

ባለትራኩ (ቨርጂኒያ)
ከላይ ያለው ወንድሜ ልክ ነው። ጭነት ይዤ ዌስት ቨርጂኒያ እመላለሳለሁ፣ የከሰል አገር ነው፣ ታሪካቸውን ከሽማግሌዎቹ ሰምቼ በኋላም አንብቤዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1968 ፋርሚንግተን በሚባል ቦታ ማዕድን ፈንድቶ 78 ሰው ሞተ። በዓመቱ 40 ሺህ የሚሆን ቆፋሪ ሥራ አቁሞ የሳንባ በሽታ ካሳ ሕግ አስወጣ። ሕጉን ያስወጡት ማዕድኑ ይዘጋ የሚሉ ሰዎች አልነበሩም፣ ቆፋሪዎቹ ራሳቸው ናቸው።

በ1972 ደግሞ በፈረንጅ የካቲት፣ ቡፋሎ ክሪክ ላይ የከሰል እጣቢ የተጠራቀመበት ግድብ ተደርምሶ 125 ሰው ወሰደ። ኩባንያው "የእግዜር ሥራ ነው" አለ! ከዚያ ለየሰዉ በተናጠል እየከፈለ ማስፈረም ጀመረ። ያልፈረሙ 600 ገደማ ሰዎች ግን አብረው ክስ መሥርተው በ1974፣ 13.5 ሚሊዮን ዶላር አስከፈሉ። የክልሉ መንግሥት 100 ሚሊዮን ጠይቆ ኋላ በ1 ሚሊዮን ነው የተስማማው። በተናጠል ካሳ ልንስጣችሁ ብለው ቤት ለቤት ከመጡ አትፈርሙ፣ "ዕድሩን አነጋግሩ" በሉ።

የዳውሮው (ጠያቂ)
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ዕድራችን ጠንካራ ነው፣ ሠራተኛውም ገበሬውም አባል ነው። ግን ደብዳቤው ላይ ማን ይፈርም? ሁሉም አንተ ፈርም ይለኛል።

ከጆበርግ
አንተ ብቻህን እንዳትፈርም ወንድሜ። እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ኳዙሉ ናታል፣ ሶምኬሌ አካባቢ፣ ፊኪሌ ንሻንጋሴ የምትባል እናት የከሰል ማዕድን መስፋፋትን ስትቃወም ኖራ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2020 በቤቷ ውስጥ በጥይት ተገደለች። ላስፈራራህ አይደለም። ግን ነገሩ በአንድ ሰው ስም ሲያዝ ሁሉም ግፊት እሱ ላይ ይወርዳል።

አዋጅ አንባቢ
ልክ። በዕድር ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ የተገኘው ሁሉ ይፈርም፣ የማይጽፍ በጣት አሻራ። ከዚያ አምስት ተወካይ ምረጡ፦ አንድ ከማዕድኑ ሠራተኛ፣ አንድ ሽማግሌ፣ አንድ ወጣት፣ ሁለት ውሃ የሚቀዱ ሴቶች። ሴቶቹን ለይስሙላ አይደለም የምለው፣ ጅረቱ ከየትኛው ወር ጀምሮ እንደተለወጠ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፣ ፍርድ ቤት ምስክር የሚሆኑትም እነሱ። ጠበቃ ካጣችሁ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ነጻ የሕግ ድጋፍ አለ። አንድ ጥያቄ ደግሞ ጨምሩ፦ በማዕድን ሥራዎች አዋጅ 678/2002 ባለ ፈቃዱ መሬቱን መልሶ ለማልማት ገንዘብ መመደብ አለበት። ስንት መደበ? የት ተቀመጠ?

የላቦራቶሪው ሰው
ናሙናውን ከሰኞ እስከ ረቡዕ ባለው አምጡ። አርብ የመጣ ናሙና ቅዳሜና እሁድ ሳይሠራ ያድራል። ከመነሳታችሁ በፊት ደውላችሁ ዋጋውንም ጠይቁ፣ በዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ሲመጣ የሚቀንሱበት ጊዜ አለ።