የካምቢዮ ዘይት በግቢ ውስጥ ይቀየር ወይስ ይከልከል? (ክርክር)

የሂሉክስ ባለቤት፦
ጎረቤቶች፣ እንደምን ዋላችሁ። ኮሚቴው መኪና ማቆሚያችን ላይ ማንኛውም የዘይት ቅያሪ ይከልከል የሚል ሐሳብ አቅርቧል። እኔ እቃወማለሁ። ያለኝ አውቶማቲክ የናፍጣ ፒካፕ ነው። የካምቢዮውን ዘይት እዚሁ ራሴ እቀይራለሁ። የናፍጣ ሞተር ገና በዝቅተኛ ዙር ጉልበቱ ከባድ ነው፤ ያ ሁሉ ጉልበት የሚያልፈው በካምቢዮው ነው። ዕቃ ጭኖ ዓባይ በረሃን ወርዶ ወደ ደጀን የወጣ ሰው ዘይቱ እንዴት እንደሚግል ያውቃል። የጋለ ዘይት ደግሞ ቶሎ ያረጃል። በ2016 ዓ.ም የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ያለንን መኪና ረጅም ጊዜ ማቆየት ግድ ሆኗል። የጋራዥ ዋጋ የምታውቁት ነው። ክልከላው ከጸደቀ ብዙ ሰው ጭራሽ ሳይቀይር ይነዳል።

የሁለት ልጆች እናት፦
ወንድሜ፣ መኪናህን መንከባከብህን አልጠላሁም። ግን ልጆቻችን የሚጫወቱት እዚያው ነው። ኳስ መኪና ሥር ስትገባ ልጅ ማንንም አይጠይቅም፣ ተንፏቆ ይገባል። በክሪክ ብቻ የቆመ ፒካፕ በዓይኔ አይቻለሁ። ከሥሩ ዘይት የሞላ ሳፋ ነበር፤ ባለቤቱ የጎደለ ዕቃ ሊገዛ ሄዷል። መሬቱ ላይ የፈሰሰው ቀይ ዘይት እስከ ዛሬ አለቀቀም።

መካኒክ፦
እህቴ ልክ ነሽ። እኔ በሥራው ውስጥ ስላለሁ ሌላም ልጨምር። የካምቢዮ ዘይት እንደ ሞተር ዘይት አይደለም። ባለ 2.8 ናፍጣው ሂሉክስ አውቶማቲኩ ባለ 6 ማርሽ ነው፤ ዘይቱን መዝዘህ የምታይበት ዘንግ የለውም። ልኩ የሚታወቀው መኪናው ለጥ ባለ ቦታ ቆሞ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ዘይቱ 40 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ነው። ያኔ የልክ መቆጣጠሪያው ቡሎን ይፈታል፤ ትርፉ ይፈስሳል፤ በቀጭኑ መንጠባጠብ ሲጀምር ይዘጋል። ዘይት ሲግል ይሰፋል። በጣም ግሎ ከለካኸው ሞልቶ ይመስልሃል፣ ሲበርድ ግን ጎድሎ ይገኛል። ዘይት የጎደለው ካምቢዮ ግፊት ያጣል፣ ፍሪሲዮኖቹ (ጉልበት የሚያስተላልፉት ውስጥ ያሉ ሳህኖች) ይንሸራተታሉ፣ ይቃጠላሉ። አሁን ጥያቄዬ፦ ሞተሩ እየሠራ ክሪክ ላይ ያለ መኪና ሥር ማን ይተኛል?

የሂሉክስ ባለቤት፦
ማንም መተኛት የለበትም። እኔም መኪናዬን አላነሳም። ፒካፑ ከመሬት ከፍ ያለ ነው፤ አራቱም ጎማ መሬት ላይ ሆኖ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ጎማው ላይ ድንጋይ ተደርጎ ይሠራል። እንዲያውም ለልኩ የሚፈለገው ይኼው ነው። ሙቀቱን ከስልክ ጋር በሚገናኝ ትንሽ ስካነር አነባለሁ። ከሁሉም በፊት የመሙያውን ቡሎን እፈታለሁ። መሙያው ዝጎ እምቢ ካለ ዘይቱን አፍስሰህ መሙላት አቅቶህ መኪናው እዚያው ይቆማል። የወጣውን በጀሪካን እለካለሁ፣ ያንኑ ያህል በእጅ ፓምፕ እመልሳለሁ። ከዚያ በኋላ ነው በሙቀቱ የማስተካክለው።

ከ3ኛ ብሎክ፦
ይቅርታ፣ መኪናውን የሸጠልኝ ሰው «የካምቢዮ ዘይት ዕድሜ ልክ ነው፣ አትንካው» ብሎኛል። ታዲያ ምን ያከራክራል?

መካኒክ፦
ጋሼ፣ ይኼን አይስሙ። የቮልስዋገን አማሮክን ባለ 8 ማርሽ ካምቢዮ የነደፈው የጀርመኑ ዜድኤፍ ራሱ ከ80,000 እስከ 120,000 ኪሎ ሜትር ባለው፣ ወይም ቢበዛ በ8 ዓመት ይቀየር ይላል። ጭነትና ዳገት ካለ ደግሞ ቀደም ማለት ይሻላል። «ዘይቱ ሲቀየር ካምቢዮው ሞተ» የሚባለውም የሚያሳስት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ፍሪሲዮኑ ቀድሞ አልቋል፤ ሰው የሚቀይረው መንሸራተት ከጀመረ በኋላ ስለሆነ ጥፋቱ በአዲሱ ዘይት ይላከካል። ኮፓው (ከሥር ያለው የዘይት መያዣ) ሲወርድ ውስጡ ያሉትን ማግኔቶች እዩ። እንደ ቅባት የላመ ግራጫ ጭቃ ከሆነ የተለመደ ነው። በጣት ሲነካ የሚቆረቁር የብረት ስባሪ ካለ ግን የዘይት ቅያሪ አያድነውም። ዘይቱ ጠቁሮ የማረር ሽታ ካለውም እንደዚያው።
አንድ ነገር ልጨምር። ቀይ ስለሆነ ብቻ ማንኛውንም ዘይት አትግዙ። ለዚህ ሂሉክስ የታዘዘው የቶዮታው ደብሊው ኤስ የሚባለው የካምቢዮ ዘይት ነው፤ ዴክስሮን 3 ከሚባለው ከድሮው የካምቢዮ ዘይት ይቀጥናል። ቀለማቸው አንድ ነው፣ ሥራቸው ግን ይለያያል።

ከቨርጂኒያ የምትከታተል ቤተሰብ፦
እዚህም በኪራይ አፓርታማ ማቆሚያ ላይ መኪና መጠገን በብዙ ውሎች የተከለከለ ነው። የግል ቤት ያለው ግን ደጁ ላይ ይቀይራል፤ ያገለገለውን ዘይት በርካታ የመለዋወጫ መደብሮች በነፃ ይቀበሉታል። ስለዚህ ቱቦ ውስጥ ለመድፋት ምክንያት የለውም።

የ1ኛ ብሎክ ተወካይ፦
የኛ ችግር እዚህ ላይ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ የአንድ ጊዜ ቅያሪ ዘይት 1 ሚሊዮን ጋሎን ንጹሕ ውኃ ሊበክል ይችላል ይላል። አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውኃ ከፊሉ የሚቀዳው ከአቃቂ ጉድጓዶች ነው። እኛ ቦይ ውስጥ የምንደፋው ወዴት የሚሄድ ይመስላችኋል? አንዳንዱ ለምስጥ ብሎ አጥር እንጨት ይቀባበታል፣ አንዳንዱ ለኮንስትራክሽን ጣውላ መቀቢያ ይሰጣል። ያም ተመልሶ አፈር ውስጥ ነው የሚገባው።

የሂሉክስ ባለቤት፦
በዚህ እስማማለሁ። ስለዚህ ክልከላውን ትተን ደንብ እናውጣ። በክሪክ የተነሳ መኪና ሥር መሥራት ይከልከል። ሥራው ልጆች ትምህርት ቤት ባሉበት ሰዓት ይሁን፣ ከሥር ሰፊ ላስቲክ ይነጠፍ፣ አሮጌው ዘይት በተከደነ ጀሪካን ተይዞ ለሚረከብ ጋራዥ ይሰጥ።

መካኒክ፦
እኛ ጋ ያገለገለ ዘይት በበርሜል ይጠራቀማል። የናንተንም ጀሪካን እቀበላለሁ፣ ክፍያ የለውም። ግን ከናፍጣ፣ ከፍሬን ዘይትና ከራዲያተር ውኃ ጋር ሳይደባለቅ አምጡት።

የሁለት ልጆች እናት፦
ጥሩ። እንግዲህ የሚቀይረው ሰው ቀድሞ ለኮሚቴው ያሳውቅ፣ ሲጨርስ ደግሞ ጀሪካኑን ማስረከቡን ያሳይ። የፈሰሰውንም ራሱ ያጽዳ። ይኼ በጽሑፍ ከገባ ክልከላውን አልደግፍም። በቃል ብቻ ከቀረ ግን የእሑዱ ስብሰባ ላይ እጄን ለክልከላው አወጣለሁ።