ለአየር ጠመንጃዬ የሚስማማውን አረር እንዴት ልለይ?

ጥያቄ (ከጀማሪ ተኳሽ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። በ10 ሜትር ላይ የወረቀት ኢላማ የምተኩስበት፣ በታመቀ አየር የሚሠራ ባለ 4.5 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ አለኝ። ሁለት ዓይነት ጠፍጣፋ አናት ያላቸው የእርሳስ አረሮች ገዛሁ፤ በአንደኛው ቆርቆሮ ላይ 4.49፣ በሌላው ላይ 4.50 ተጽፏል። በ4.49ኙ አምስት ጊዜ ስተኩስ ቀዳዳዎቹ ተደራርበው አንድ ሆኑ። ደስ ብሎኝ በማግስቱ በዚያው አረር ብተኩስ ግን ተበታተነብኝ። 4.50ውን ስሞክር ደግሞ መካከለኛ ሆነ። ጠመንጃው የሚወደው የትኛውን እንደሆነ በምን ልወቅ? አረር በሚዛን እየመዘኑ መለየትስ ይጠቅማል?

መልስ (ከወረቀት መርማሪ)፦
እህቴ፣ አምስት ቀዳዳ ማስረጃ አይሆንም። ደካማ አረርም በአጋጣሚ አምስቱን አንድ ላይ ሊያሳርፍ ይችላል፤ ጥሩውም በአጋጣሚ ሊበተን ይችላል። በአንድ ወረቀት ላይ 10 ተኩሺ፤ ከዚያ አረሩን ቀይረሽ በሌላ ወረቀት 10፤ እንደገና ወደ መጀመሪያው ተመለሺ። እንዲህ እያፈራረቅሽ ከእያንዳንዱ ቢያንስ አምስት ወረቀት ይኑርሽ። አንዱን ዓይነት ጨርሰሽ ወደ ሌላው ከተሻገርሽ የዓይንሽና የክንድሽ ድካም በሁለተኛው አረር ላይ ይቆጠርበታል።

ልኬቱ ቀላል ነው። እጅግ የተራራቁትን ሁለት ቀዳዳዎች ከውጭ ጠርዝ እስከ ውጭ ጠርዝ በካሊፐር (ጥቃቅን ስፋት በሚለካ መሣሪያ) ለኪና የአንዷን ቀዳዳ ስፋት 4.5 ቀንሺ። 6.5 ሚሊ ሜትር ካገኘሽ ከመሃል እስከ መሃል ያለው ርቀት 2 ሚሊ ሜትር ያህል ነው ማለት ነው። አጥብቄ የምለምንሽ አንድ ነገር ግን አለ፤ አንዷ ቀዳዳ ከሌሎቹ ርቃ ስትታይ «ይህቺ አትቆጠርም» ብለሽ አትተያት። ከተኩሱ በኋላ የሚጣል ቀዳዳ ካለ ፈተናው ውሸት ይሆናል።

መልስ (ከጠመንጃ ጠጋኝ)፦
ከአረሩ በፊት ጠመንጃው ይፈተሽ። ሰደፉን ከብረቱ ጋር የሚያያይዙት ብሎኖች ላልተው ይሆናል፤ አምራቹ ባዘዘው መጠን ይጥበቁ። የማነጣጠሪያውም ብሎኖች እንዲሁ። በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው አየር ከሚፈቀደው በታች ሲወርድ የአረሩ ፍጥነት ይዋዥቃልና ፈተናውን በበቂ ግፊት ጀምሪ። እግረ መንገድሽን በሲሊንደሩ ላይ የታተመውን ቀን ተመልከቺ። ብዙዎቹ የውድድር ጠመንጃ አምራቾች የአገልግሎት ዘመኑን በ10 ዓመት ይወስኑታል፤ እስከ 200 ባር ግፊት በሚያምቅ ዕቃ ደግሞ ቀልድ የለም።

ሰውን ከፈተናው ለማውጣት ጠመንጃውን በሞርሳ እሰሪ፤ መንጋጋው ብረቱን እንዳይጎዳ ወፍራም ጨርቅ ወይም ቆዳ ጣልቃ ይግባ። ሞርሳ ከሌለ በአሸዋ በተሞላ ከረጢት ላይ አስደግፈሽ ተኩሺ። አረር በቀየርሽ ቁጥር የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ተኩሶች ከኢላማው ወረቀት ውጭ አሳርፊ፤ የአፈሙዙ ውስጠኛ ግድግዳ አዲሱን እርሳስ እስኪለምድ ድረስ የሚያርፍበት ቦታ ሊንሸራተት ይችላል። እነዚህን አለመቁጠር ማጭበርበር አይደለም፤ አስቀድመሽ ወስነሻልና።

መልስ (ከአሠልጣኟ)፦
በሁለቱም እስማማለሁ። ስለ ሚዛኑ ልመልስ። አረሩ በሴኮንድ 170 ሜትር ይዞ ቢወጣ፣ 10 ሜትሩን በ0.06 ሴኮንድ ገደማ ይጨርሳል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ 17 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ፍጥነቱ በአንድ በመቶ ቢለዋወጥ በኢላማው ላይ የሚታየው የቁመት ልዩነት 0.34 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የኢላማው የአሥር ነጥብ ስፋቱ 0.5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ ይህ ለላቀ ተወዳዳሪ ትርጉም ይኖረዋል፤ ለአንቺ አሁን አይደለም። የአረር ሚዛን ላይ የምታጠፊውን ሰዓት ለቃታ አሳሳብሽ ስጪው።

ይልቅ የአረሩን ጅራት ተመልከቺ። የጅራቱ ጠርዝ እንደ ቀሚስ የተዘረጋ ስስ እርሳስ ነው፤ አየሩ የሚገፋው እሱን ነው። ቆርቆሮው ሲወድቅ ወይም ሲንገጫገጭ ጠርዙ ይጎደጉዳል፤ በዚያ በኩል አየር ቀድሞ ያመልጥና አረሩ ከአፈሙዙ ሲወጣ ዘንበል ይላል። ብርሃን ላይ አንድ አንድ እያነሳሽ ጠርዙ ክብ ያልሆነውን ለይተሽ አስቀምጪ። ስትጨርሺ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፤ በቆርቆሮው ግርጌ የሚጠራቀመው ግራጫ ዱቄት እርሳስ ነው፣ መርዝ ነው። እየተኮሱ መብላትም አይገባም።

ጠያቂዋ፦
በጣም አመሰግናለሁ። እስካሁን የተኮስኩት ቆሜ፣ ያለ ድጋፍ ነበር። በሞርሳ ታስሮ 4.50ው ቢያሸንፍ፣ እኔ ትከሻ ላይ ሲሆን ውጤቱ አይለወጥም? ደግሞስ በቆርቆሮው ላይ ያለው ቁጥር እኩል ከሆነ ሌላ ጊዜ የምገዛው ያው ነው?

መልስ (ከወረቀት መርማሪ)፦
የሚያርፍበት ቦታ ይለወጣል፤ ማነጣጠሪያውን በራስሽ አቋቋም እንደገና ታስተካክያለሽ። ከሁለቱ አረሮች የተሻለው ግን በዚህ አይለወጥም። ቆመሽ ስትተኩሺ የራስሽ መወዛወዝ የአረሩን ልዩነት ስለሚሸፍነው ነው ፈተናው በድጋፍ የሚደረገው።

መልስ (ከጠመንጃ ጠጋኝ)፦
4.49 እና 4.50 የሚለው የአረሩ አናት ስፋት ነው፤ በአንዱ ጠመንጃ ያሸነፈው በሌላው ሊሸነፍ ይችላል። መጠኑ እኩል ሆኖም የምርት ቁጥሩ (አብረው የተመረቱትን አረሮች የሚለየው ቁጥር) ከተለየ አረሩ ተለይቷል ብለሽ አስቢ፤ በተለያየ መሣሪያ ተቀርጾ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ በቆርቆሮው ጀርባ ወይም በመለያው ወረቀት ላይ ይገኛል። ያሸነፈውን ስታውቂ፣ ሳያልቅ ከዚያው የምርት ቁጥር አቅምሽ የሚችለውን ያህል ግዢና ደረቅ ቦታ አስቀምጪ። ሲያልቅ ፈተናው እንደገና ከ10ሩ ተኩስ ይጀመራል።