የቮልስዋገን ነዳጅ ታንክ ከሥሩ ምን ይነጠፍለታል?

ጥያቄ፣ ከደብረ ብርሃን

ሰላምታዬን በማስቀደም፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1969 ተሠርታ ከአባቴ የወረስኳትን ቮልስዋገን ወደ ቀድሞ ይዞታዋ ለመመለስ እየሠራሁ መሆኔን እገልጻለሁ። የፊት ኮፈኑን ከፍቼ የነዳጅ ታንኩን ሳወጣ፣ ታንኩ በሚያርፍበት የላሜራ ጠርዝ ዙሪያ የነበረው ንጣፍ ደርቆ ተፈርፍሮ፣ ከሥሩም ላሜራው ዝጎ አገኘሁት። ላሜራውን አስጠግኜ ቀለም አስቀብቻለሁ። ንጣፉን በምን እንደምተካው ግን ሰዎች የሚሰጡኝ ምክር የተለያየ ነው፤ አንዱ የከባድ መኪና ካላማዳሪያ (የጎማ የውስጥ ላስቲክ)፣ ሌላው የመንዝ ባና ቆርጬ እንዳነጥፍ ይነግሩኛል፤ ምንም ሳይነጠፍ ብሎኑን ማጥበቅ ይበቃል የሚልም አለ። መኪናዋን ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድም ስለምነዳት መንቀጥቀጡ ያሳስበኛል። በተጨማሪም የታንኩ ግርጌ ላይ መርፌ የምታክል ቀዳዳ አለች፤ ይህችንስ በብየዳ ማስደፈን ይቻላል?

መልስ፣ ከሸዋ ሮቢት

ወንድሜ፣ ያለ ምንም ንጣፍ እንዳያስሩት። ታንኩ ሙሉ ሲሆን ወደ 40 ሊትር ይይዛል፤ ይህም ቤንዚኑ ብቻ 30 ኪሎ ገደማ ይመዝናል ማለት ነው። ይህ ሁሉ ክብደት በኮረኮንች ላይ ብረት ለብረት ሲፋተግ መጀመሪያ ቀለሙን ይልጣል፣ ቀጥሎ ያዝጋል፣ በመጨረሻም ጠርዙን ይሰነጥቃል። እኔ ካላማዳሪያ ተነጥፎላቸው ለረጅም ጊዜ ያገለገሉ መኪኖችን አይቻለሁ፤ በርካሽ ዋጋ ከየትኛውም ጎሚስታ ይገኛል።

መልስ፣ በደብረ ብርሃን ጋራዥ ከሚሠራ መካኒክ

ያለ ንጣፍ አይሁን በሚለው እስማማለሁ፤ በካላማዳሪያው ግን አልስማማም። የካላማዳሪያ ጎማ አየር እንዲይዝ እንጂ ቤንዚን እንዲችል የተሠራ አይደለም። ቤንዚን በሚሞላበት ጊዜ የሚፈሰው ጠብታ ደጋግሞ ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ቅርጹንም ያጣል፤ ያን ጊዜ ጠብቆ የነበረው ብሎን በራሱ የላላ ያህል ይሆናል። ደረቅ ሆኖ የቆየ ንጣፍ ሊበረክት ስለሚችል፣ ከሸዋ ሮቢት የተጻፈውን ምስክርነት አልጠራጠርም። ሆኖም ታንኩ የተቀመጠው ከሾፌሩ እግር ፊት ለፊት ነውና ትነቱ ወደ ውስጥ እንዳይገባ የሚከላከለውን ነገር በዕድል ላይ መጣል አልወድም።

ባና ደግሞ ከካላማዳሪያም የባሰ ነው። ሱፍ ውኃ ይጠጣል፤ በክረምት ወይም መኪናዋ በታጠበች ቁጥር የሚገባው እርጥበት በታንኩና በላሜራው መካከል ተይዞ ይቀራል። አሁን ያስጠገኑት ዝገት ተመልሶ የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው።

የሚያስፈልግዎ ፓራዮሊ (ዘይት እንዳያፈስ የሚያግድ ቀለበት) የሚሠራበት ዓይነት፣ ቤንዚንና ዘይት የሚችል ናይትራይል ጎማ ነው። በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያሉትን የመኪና መለዋወጫ ነጋዴዎች ይጠይቁ፤ የሻጩን ቃል ብቻ ግን አይመኑ። ከጎማው ቁራጭ ቆርጠው ውፍረቱን ይለኩና ክዳን ባለው የመስታወት ዕቃ ውስጥ፣ ከእሳት ርቆ፣ በቤንዚን ነክረው ያሳድሩት። በማግስቱ በግልጽ ካበጠ፣ ከለሰለሰ ወይም ቤንዚኑን ካጠቆረው ይተዉት።

ንጣፉ በጠርዙ ዙሪያ ሳይቋረጥ መዞር አለበት፤ ጫፎቹ ሳይደራረቡ ይጋጠሙ፣ ምክንያቱም የተደራረበበት ቦታ ታንኩን ከፍ አድርጎ ክብደቱን በአንድ ጥግ ላይ ይጥለዋል። በተራ ሲሊኮን አያጣብቁት፤ ቤንዚን ያላቅቀዋል። ከዚያ አራቱን መያዣዎች በየቦታቸው አስገብተው፣ ብሎኖቹን በሰያፍ እያፈራረቁ ጥቂት በጥቂት ያጥብቋቸው። ጎማው ተጨምቆ ወደ ውጭ ከወጣ ከልክ በላይ ጠብቋል ማለት ነው። ጎማ ከጊዜ በኋላ ተጨምቆ ስለሚሳሳ፣ ለጥቂት ቀናት ከነዱ በኋላ ኮፈኑን ከፍተው እንደገና ይፈትሹ። ታንኩ ወጥቶ ሳለ ወደ ሞተር የሚሄደውን የጎማ ቱቦ ሳይቀይሩ እንዳይመልሱትም አደራ እላለሁ።

መልስ፣ ከደብረ ሲና፣ በያጅ

ስለ ቀዳዳዋ ልመልስ። ባዶ የነዳጅ ታንክ ከሞላው ይልቅ አደገኛ ነው፤ የሚፈነዳው ከአየር ጋር የተቀላቀለው ትነት ነውና። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ብርድ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ይሰጣል፤ ስለዚህ የደብረ ብርሃን ውርጭ አያድንዎትም። አንዴ በውኃ ማለቅለቅም በቂ አይደለም። ይህ ሥራ ታንክ አጽድቶ ትነቱን የማስወገድ ልምድ ላለው ባለሙያ ብቻ ይሰጥ፤ እንዲህ ያለ ሰው ካላገኙ ሌላ ደህና ታንክ መፈለግ ይሻላል። እኔ ራሴ በቂ መሣሪያ ስለሌለኝ የነዳጅ ታንክ አልቀበልም።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ታንኩን አላስበይድም፤ ሌላ እፈልጋለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፤ ቀድሞም ቢሆን የነዳጅ መለኪያው በትክክል አያነብም ነበር። ከንጣፉ ጋር ግንኙነት ይኖረው ይሆን?

መልስ፣ ከደብረ ብርሃኑ መካኒክ

ሊኖረው ይችላል። በእርስዎ ሞዴል መለኪያው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ስለሆነ፣ ታንኩ ላይ ያለው ተንሳፋፊ ከመኪናው አካል ጋር የመሬት ግንኙነት (ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት መስመር) ያስፈልገዋል። ታንኩ በጎማ ላይ ሲያርፍ፣ መያዣዎቹም አዲስ ቀለም ሲቀቡ ይህ ግንኙነት ይቋረጣል። ከተንሳፋፊው ክዳን ብሎን ወደ ንጹሕ የአካሉ ብረት አጭር ሽቦ ይዘርጉ፤ ይህንንም ባትሪው ተነቅሎ፣ ታንኩም ነዳጅ ሳይሞላ ያድርጉት።

የመተንፈሻ ቱቦውንም ይንፉና ክፍት መሆኑን ያረጋግጡ። ከደብረ ብርሃን በብርድ ሰዓት እስከ አፉ ድረስ ሞልተው በጣርማ በር በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ፣ ቤንዚኑ በ20 ዲግሪ ቢሞቅ ከ40 ሊትሩ ሦስት አራተኛ ሊትር ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ ወደ ቆላ በሚወርዱበት ቀን ታንኩን ጥቂት አጉድለው ይሙሉ።